እምዬ ስልክ ላይ ያልመጣችበት ሰሞን

ፀሐይዋ አትጠልቅም። ሥርጉት ይህን ከመምጣቷ በፊት በመጽሐፍ አንብባው ነበር፤ ማንበቡ ሌላ፣ በእሱ ሥር ተኝቶ እንቅልፍ መጠበቁ ሌላ ሆነባት እንጂ። መጋረጃውን ዘግታለች፣ በመጋረጃው ላይ ጋቢዋን በመርፌ ቁልፍ አያይዛለች፣ በጋቢው ላይ ደግሞ የክረምት ካፖርቷን ሰቅላለች፤ ያም ሆኖ ብርሃኑ በካፖርቱ እጅጌ ሥር ሾልኮ መጥቶ ግንባሯ ላይ ቁጭ ብሏል። እሷም ዓይኗን ጨፍና አንድ ነገር ብቻ ታገላብጣለች፤ አምሐ ነገ ጠዋት የሚመጣው ለምንድን ነው? መልእክቱ አጭር ነው። «እህቴ ሥርጉት፣ ነገ ጠዋት ቤት ነሽ? እኔና ቃልኪዳን ብቅ እንላለን።» ይኸው ነው። አምሐና ባለቤቱ ቃልኪዳን እዚህ የኖርዌይ ጫፍ፣ አበሻ በጣት በሚቆጠርበት ከተማ፣ ለእሷ ዘመድ ማለት ናቸው፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት መጥተው አያውቁም፣ ሁልጊዜ «ነይና ምሳ ብዪ» ነው የሚሏት፤ ደግሞም አምሐ «እህቴ» ብሏት አያውቅም፣ «ዶክተሪት» እያለ ነው የሚያሾፍባት። ሰው በሰው አገር እያለ እናቱ ብትሞት አገር ቤት ያሉት ለእሱ አይደውሉለትም፤ ለሚያውቀው ሰው ነው የሚደውሉት፤ ያም ሰው ሰው አሰባስቦ፣ ልጁ ከቤት ሳይወጣ፣ በጠዋት በሩን ያንኳኳል። ይህን ለሥርጉት ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም፤ አብሯት አደገ። የአምሐን ቁጥር ለአባቷ የሰጠቻቸው ደግሞ ራሷ ናት፤ በመጣች ሰሞን፣ «ለክፉም ለደጉም ይያዙት» ብላ። ለደጉ ማንም አልደወለበትም።

እምዬ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ስልክ ላይ አልመጣችም። መጀመሪያ ተኝታለች ተባለ። እምዬ ደግሞ በቀን ተኝታ ታውቃለች? ቀጥሎ ደልጊ እህቷን ልትጠይቅ ተሻገረች፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ጠፋ፤ እርግጥ ነው ኔትወርክ ይጠፋል፣ መንገድም ይዘጋል፣ በዚህ ዘመን ባሕር ዳር ላለ ሰው ምክንያት መፍጠር አያስቸግረውም፣ ዘመኑ ራሱ ፈጥሮ አስቀምጦለታል። ከዚያ ጠበል ገባች ተባለ። «ምን ሆና?» አለች ሥርጉት። «ምን ትሆናለች ልጄ፤ ሳይታመሙ ጠበል አይገባም ያለ ማነው?» አሉ አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣ ማሕሌት ላይ እንደ ደወል በሚጠራው ድምፃቸው፤ ግን ድምፁ መሐል ላይ እንደ መሰንጠቅ አለና በሳል ሸፈኑት። ሥርጉት አባቷ ሲዋሹ ሰምታቸው አታውቅም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚዋሹም አታውቅም፤ ምናልባት እንዲህ ይሆናል የሚዋሹት፣ በሳል። እሷ ራሷ ግን ታውቅበታለች። አያቷ ባረፉ ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ሀዲስ ዱባይ ነበር፤ በየሳምንቱ ይደውላል፣ «እስቲ አያቴን አቅርቡልኝ» ይላል፣ እሷም በዚያ በሚያፍር ድምፅዋ፣ ሰው ፊት ሁለት ቃል መናገር የሚጨንቃት ልጅ፣ «ጸሎት ላይ ናቸው፣ ጆሯቸውም ደከመ፣ ሰላም ብለውሃል» ትለዋለች፤ እንዴት እንደ ተዋጣላት! ስልኩ ሲዘጋ እምዬ ራሷን ደባብሳ «ጎበዝ» ትላታለች። ብቻውን ነው፣ ሰው አገር ነው፣ ማን ያጽናናዋል? ውሸቱ እኮ ለሰውየው መከዳ ነው፤ ከሥሩ የሚያስገቡለት። አሁን ከእሷ ራስ ሥር ያስገቡት እሱን መከዳ ነው፤ ለዚህ ነው መተኛት ያቃታት።

እምዬ የደልጊ ሰው ሆና ውሃ ትፈራለች። ሥርጉት ልጅ ሳለች አብረው በጀልባ ሲሻገሩ እምዬ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጅዋ ጨብጣ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና፣ ከነጠላው ውስጥ ሆና ቀዛፊውን ትሰድበዋለች፤ «አንተ! ወደ ዳር፣ ወደ ዳር በለው እንጂ!» ቀዛፊውም «እማማ፣ ጣና ላይ ዳሩ ነው ድንጋዩ፣ መሐሉ ነው ደህናው» ይላታል። እሷ መቼ ትሰማለች። ሥርጉት ከእምዬ ጎን ተለጥፋ ውሃውን ታያለች፤ ውሃው ቡናማ ነው፤ ከሩቁ ነጭ ወፎች፣ ከወፎቹ ወዲያ የደሴቱ ዛፎች፤ ቡናማ፣ ቡናማ፣ እንደ ሐሙሱ ስላይድ ቡናማ። ተገላበጠች። ከዚህ ወዲህ ስለ ጀልባው ማሰብ የለም፤ የትም ብትጀምር ሐሙስ ላይ ነው የምትወድቀው።

ልትሳፈር የባሕር ዳር አውሮፕላን ጣቢያ በር ላይ እምዬ ጠይቃት ነበር። «ለመሆኑ እዚያ የምትሠሪው ምንድን ነው?»

«ጡት ላይ የሚወጣውን ዕጢ በማይክሮስኮፕ ነው የማየው፣ እምዬ።»

«ዓይተሽስ?»

«የቱ መድኃኒት እንደሚይዘው እለያለሁ።»

«ለይተሽስ?»

«ለሐኪሙ እነግራለሁ።»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም! እኔ ደግሞ ያን ያህል ያጠናሽ፣ ባል የምትለዪ መስሎኝ።»

አባቷ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ብዙ ሰው ጠይቋታል፣ በእንግሊዝኛም በስዕልም አስረድታለች፤ ከዚያ የተሻለ ግን ተናግራ አታውቅም። የመጣችበት መርሐ ግብር ወጣት የካንሰር ተመራማሪዎችን የሚያሳድግ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘው ነገር መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር፣ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ እንዲደርስ የሚሠሩ ሰዎችን። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንቺን እዚህ የሚመራሽ አንድ ሰው አለ፣ አንቺም ደግሞ አገር ቤት ያለ አንድ ሰው ትመሪያለሽ። የእሷ መሪ ፕሮፌሰር ኢንግሪድ ናት፣ ስብሰባ ላይ ሹራብ እየሠራች የምታዳምጥ ሽበታም ሴትዮ። ሥርጉት የምትመራት ደግሞ እናትዓለም ናት፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከኦፕሬሽን የወጣውን ናሙና ተቀብላ፣ ስሙን በቁጥር ለውጣ፣ አሽጋ የምትልክ። ይህን ለአባቷ ስትነግራቸው ደስ አላቸው። «ገባኝ፣ ገባኝ፤ እሷ የኔታሽ ናት፣ አንቺ ደግሞ አስነጋሪ ሆንሽ ማለት ነው» አሉ፤ ቅኔ ቤት ውስጥ የበረታው ተማሪ ገና ጀማሪውን እንደሚያለማምደው። «የኔታሽን አክብሪ። ሳትጠየቂ አትናገሪ።» እሷም አከበረች። ሳትጠየቅ አልተናገረችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአርባ አንድ ቁጥርን ስላይድ፣ ናሙናው የተለጠፈባትን ብርጭቆ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች። የሴትየዋን ስም አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም፤ ዓይኗ እንዳያዳላ ተብሎ ነው ስሙ ባሕር ዳር የሚቀረው። የምታውቀው ከቁጥሩ ጋር የተላከላትን ብቻ ነው። ዕድሜ ሃምሳ ሦስት። ግራ ጡት። የፋሲሎ ነዋሪ። የወለደቻቸው ስምንት፣ በሕይወት ያሉት አራት። ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር፤ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ወደ ክትትል አልተመለሰችም። ሥርጉት መጀመሪያ ስላይዱን ነው ያየችው። ዕጢው የመለያውን ማቅለሚያ ጠጥቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኗል፤ ይህ ደግሞ የምሥራች ነው፣ ከሰውነት ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ ዕጢ ነው ማለት ነው፣ ምግቡን የሚከለክለው ኪኒን አለ፣ የትም የሚገኝ፣ በቀን አንድ፣ ዕጢውን ያቀጭጨዋል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ይከተላል። «ጎሽ» አለች ለብቻዋ፣ «አንቺስ ትድኛለሽ።» ከዚያ መስመሮቹን አነበበች። ፋሲሎ የእነሱ ሰፈር ነው። ስምንት ወልዳ አራት የቀሯት። እምዬም ከወለደቻቸው ስምንት፣ በስማቸው የማትጠራቸው አራት የሞቱ ልጆች አሏት፤ በየዓመቱ በዝምታ የምትቆምላቸው። ዕድሜዋን ሲጠይቋት ሁሌም «ሃምሳ ምናምን» ነው የምትለው፣ ሀዲስ «እምዬ ከሃምሳ ምናምን ተነስታ አታውቅም» እያለ ይስቅባታል። ሥርጉት ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ አውጥታ እጅዋ ላይ ያዘችው። ትንሽ ነው። ከጥፍር አይበልጥም። እንዳይሰበር ፈርታ መለሰችው፤ ተሰብሮስ ቢሆን ይሻል ነበር?

ፋሲሎ ውስጥ ስምንት የወለደች ሴት አንድ ብቻ ናት እንዴ? እንዲህ እያለች ሐሙስን አነጋችው። ዓርብ ላይ አልቻለችም፤ ደወለች።

«አቤት፣ እትዬ ሥርጉት!» አለች እናትዓለም። ከጀርባዋ የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫጫታ ይሰማል። «ምነው በጠዋቱ? የበረዶ አገር ሰው እንቅልፍ የለውም እንዴ?»

«እናትዬ፣ አርባ አንድ ቁጥር ማናት?»

ጫጫታው ራቀ፤ በር የተዘጋ መሰላት።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ስሟን ተዪው። አዎ ወይም አይደለም በዪኝ። እምዬ ናት?»

«እትዬ ሥርጉት፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ? ‹ሚኒስትር ቢመጣ፣ ጳጳስ ቢመጣ፣ እኔ ራሴ ብመጣ፣ ቁጥሩን ለማንም በስም አትተኪም› አላልሽኝም? እንደ ዳዊት እኮ ነው ያስደገምሽኝ።»

«ያ ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው!»

«‹ይህ ሌላ ነው የሚል ሰው ሲመጣ ነው ደንቡ የሚያስፈልግሽ› ያልሽኝም አንቺ ነሽ።»

«አዝዤሻለሁ እናትዓለም! እኔ ነኝ ኃላፊሽ!»

«እዘዢኝ። አልታዘዝም።» ልጅቱ አፍንጫዋን ሳበች። «ደግሞ አትጩኺብኝ። እኔም ሰው ነኝ። እኔም እኮ አልተኛሁም።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አልታወቀም።

እኔም አልተኛሁም። ለምን አትተኛም? ናሙና በመላክ ብቻ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አለ? ሥርጉት ያቺን ቃል ይዛ ቀኑን ሙሉ ዋለች፣ ማታም አውቶቡስ ውስጥ ይዛት ገባች፣ ቤቷም ስትደርስ የአምሐ መልእክት መጣ። እና እንዲህ ሆነ ማለት ነው፤ እናትዓለም ወደ ቤት ሮጠች፣ «ሥርጉት ጠርጥራለች» አለች፣ አባዬም «እንግዲህ ከሰው አፍ ከምትሰማ» አሉ፣ ለአምሐም ደወሉ። ሁሉም ነገር ገጠመ። ተነስታ ቁጭ አለች። ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ ለምን እንደምታጥፍ ስታስበው ለሻንጣ ነው። ብርሃኑ ካፖርቱን አልፎ መሬቱ ላይ ወርዷል፤ ሌሊት ይሁን ቀን፣ እግዜር ይወቅ፣ ከውጭ አንድ ሰው ሣር ያጭዳል።

በሩ ሲንኳኳ ልትከፍት አልቻለችም። መያዣውን ጨብጣ ቆመች። ከወዲያ ሹክሹክታ ይሰማል፣ የአምሐ «ቀስ በዪ» የሚል ድምፅ፣ የጫማ ኮቴ። ስንት ሰው ናቸው? ከፈተች። አምሐ ሱፍ ለብሷል፤ ጥቁር ሱፍ። ቃልኪዳን ከኋላው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ሥርጉት በሩ ሥር ቁጭ አለች።

«በሉ ንገሩኝ» አለች። «መቼ ነው?»

«ምኑ?» አለ አምሐ።

«እናቴ። መቼ ነው ያረፈችው?»

አምሐ ወደ ሚስቱ ዞረ። ቃልኪዳን ልጅቱን ለእሱ አስታቅፋ ሥርጉት ጎን መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። «አይ አንቺ! አይ እህቴን! ማንም አልሞተም፣ በማርያም፣ ማንም አልደወለልንም!» ከዚያ ቀና አለችና «አንተ ደነዝ፣ ለሰው ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ ተብሎ እንዲህ ይጻፋል?» አለችው።

«ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»

«‹ለልጃችን የክርስትና እናት ሁኚልን› ብለህ!»

«በስልክ ነውር ነው፣ በአካል ነው የሚጠየቀው ያልሽው ማነሽ?»

«ሱፉስ?»

«ለክብሯ ነዋ!»

ሥርጉት ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው ደግሞ አልቆም አለ። ሕፃኗም አብራ አለቀሰች። እሺ አለቻቸው፣ እሺ፣ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ሻይ እየጠጡ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው፣ ስላይዱን፣ ስምንቱን ልጆች፣ እናትዓለምን። ቃልኪዳን «ሰኞ ለሴትዮዋ ንገሪያት፣ ለአለቃሽ» አለች። አምሐ ግን ሲኒውን አስቀመጠ። «እንዳታደርጊው። የሕመምተኛ ስም ለማወቅ ሞከርሁ ብለሽ ራስሽ ልትናገሪ? እነዚህ ሰዎች ሲስቁልሽ አይተሽ አትሞኚ፤ ከመርሐ ግብሩ ካስወጡሽ የመኖሪያ ፈቃድሽም አብሮ ነው የሚሄደው። ዝም በዪ። መልሱ ለሐኪሙ መቼ ነው የሚላከው?»

«ንባቡ ሁሉ ሲያልቅ። በጥቅምት።»

«እና ጥቅምት ድረስ ዝም በዪ።»

ጥቅምት። ዕጢ ጥቅምት የሚባል ነገር አያውቅም። እነሱ ከሄዱ በኋላ መርዶ አለመሆኑን እያሰበች ልትደሰት ሞከረች፤ ግን ፍርሃቱ አልሄደም፣ ቦታ ብቻ ቀየረ። እምዬ ካልሞተች ትሞታለች ማለት ነው፤ እዚያ ጠበሉ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ግራ ጎኗን ለማንም ሳታሳይ፤ መድኃኒቱን የምታውቀው ልጇ እዚህ ተቀምጣ ጥቅምትን እየጠበቀች።

ሰኞ የኢንግሪድን በር አንኳኳች። ይህ ስብሰባ የተማሪው ነው፤ የመርሐ ግብሩ ልማድ እንዲህ ነው፣ ወሬውን የሚከፍተው ታናሹ ነው፣ ታላቁ ያዳምጣል። ሥርጉት ለዚህ ልማድ አንድም ቀን አልሆነችለትም። ዓመት ሙሉ ገብታ ትቀመጣለች፣ ኢንግሪድ ሹራቧን ታነሳለች፣ «እንግዲህ ጊዜው ያንቺ ነው» ትላለች፣ ሥርጉትም «ሁሉም ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይተያያሉ። ዛሬ ግን ተናገረች። እንግሊዝኛዋ ተሰባበረ፣ ከመሐል ጀመረች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ «ስሟን ንገሪኝ ብዬ አዘዝኋት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናገረችው፣ የመጀመሪያው ያልተሰማ መስሏት። ስትጨርስ ኢንግሪድ የሹራብ መርፌዎቹን አቆመች። አባቷ ጉባኤ ላይ እንዲህ ዝም ካሉ የሆነ ተማሪ ወድቋል ማለት ነው።

«እናትሽ ባትሆንስ?» አለች ኢንግሪድ።

«አልገባኝም።»

«አርባ አንድ ቁጥር የሌላ ሰው እናት ብትሆን ሐሙስ ዕለት ምን ታደርጊ ነበር?»

ሥርጉት መልሱን አወቀችው፤ ማወቋም አስደነገጣት። ሳጥኑን ዘግታ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። እራቷን ትበላ ነበር። «ምንም» አለች።

«እንደ እሷ ስላይዳቸው ቡናማ የሆነ ሌሎች አሉ?»

«ብዙ።»

«እነሱ መልሱን ከራሳቸው ሆስፒታል አግኝተውት የለም እንዴ? እዚህ እንደሚደረገው። ደንቡን ስጽፍ እንደዚያ ብዬ ነው የጻፍሁት፤ የእኛ ንባብ ለምርምሩ ነው፣ ለሐኪሞቹም የሚሄደው በመጨረሻ ነው ብዬ።»

«ማቅለሚያው አልቋል፣ ፕሮፌሰር። እዚያ ያለው ሆስፒታል ማቅለሚያ የለውም። የሚያውቁት እኛ ስንነግራቸው ብቻ ነው።»

«ካለቀ ቆይቷል?»

«እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው።»

ኢንግሪድ ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እና ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ እየተቀመጥሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ምን ትበላት? የኔታ አይታረሙም ትበላት? የሚያውቁ መስሎኝ ትበላት? ስለ አገሬ ማጣት ስናገር ስለምሸማቀቅ ትበላት? እያንዳንዱ «ሁሉም ደህና ነው» አሁን ወደ ኋላ ተመልሶ የአንዲት ሴት ፊት ሆኖ ታያት፣ የመራዊ ሴት፣ የደልጊ ሴት፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ «መልሱ አልመጣም» የተባለች። «አልጠየቁኝም» አለች በመጨረሻ፤ ስትሰማው ራሷም አፈረችበት።

«አልጠየቅሁም» አለች ኢንግሪድ ቀስ ብላ። «ያ የእኔ ነው። መጠየቅ ነበር ሥራዬ።» ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሥርጉት ስላይድ አታነብም፤ ዓይኗ አንዴ ስም ፈልጓልና። የቀሩትን ሌላ ሰው ያነባቸዋል፣ ጽሑፉም ሲወጣ ስሟ ከፊት ላይሆን ይችላል። የሆነው ሁሉ ለሁለቱም አገር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይጻፋል፤ የሚሉትን እነሱ ይበሉ። ከዚያ ጋር አብሮ ጥያቄ ይሄዳል፣ ኪኒኑ የሚሆናቸው ሴቶች ሁሉ፣ አርባ አንድ ብቻ ሳትሆን ሁሉም፣ መልሳቸው ጥቅምትን ሳይጠብቅ ለሐኪማቸው እንዲሰጥ። «አንቺ ነሽ የምትጽፊው» አለች። «ምክንያቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ከሥር እፈርማለሁ።» በሩ ላይ ስትደርስ ጠራቻት። «ያቺ አልታዘዝም ያለችሽ ልጅ፣ ማን ነው ያሠለጠናት?»

«እኔ።»

ኢንግሪድ ራሷን ነቀነቀች። «በርቺ፣ ጻፊ።»

ጻፈች። ኮሚቴው የቀሩት ጥያቄዎች አሉኝ አለ፣ መለሰች፤ የባሕር ዳሩ ፈቀደ፣ የዚህኛውም ፈቀደ፣ የራሷ ጉዳይ ግን «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ቀን ቀን የሌላ ሰው ስላይድ በሳጥን ትደረድራለች። የአርባ አንድን ስም ዳግም ላለመጠየቅ ስለወሰነች እናትዓለምን ስለ ሁሉም ሴቶች በጅምላ ነው የምትጠይቃት። «ሁሉም እየተጠሩ ነው» አለች እናትዓለም። በሌላ ቀን «አብዛኞቹ መጥተዋል፣ አንዷማ ሐኪሙን ስማ ስማ ልትገድለው ነበር» አለች። በሌላ ቀን ደግሞ «ሁለት ቀርተዋል። ሁለቱም ከሐይቁ ወዲያ ጠበል ናቸው። ስልክ አያነሱም።» ሥርጉት ጠረጴዛውን ያዘች። ሁለት። «ምን ይደረጋል?» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ኃላፊ ለማድረግ እየሞከረች። «ምን ይደረጋል እትዬ ሥርጉት፣ ሄጄ ማምጣት ነዋ! ቄሱን አናግሬያቸዋለሁ፣ ጠበልም ኪኒንም የአንዱ አምላክ ነው ብለውኛል።» በማግስቱ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ቃል የለበትም ማለት ይቻላል፣ ሞተር፣ ነፋስ፣ የውሃ ጥፊ፣ ከዚያ የእናትዓለም ጩኸት፤ «ጀልባ ላይ ነኝ! ጸልዪልኝ፣ ዋና አልችልም!» ከዚያ ወዲያ ዝም። ያን ቀን ኔትወርኩ ጠፋ። በማግስቱም አልመጣም። ሥርጉት ድምፁን ደጋግማ ታዳምጣለች፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ በብርሃኑ ሥር፤ ከነፋሱ ኋላ ሌላ ድምፅ ያለ እየመሰላት፤ የለም።

ስልኩ የጮኸው ሸቀጥ ቤት ውስጥ ሰልፍ ይዛ ሳለ ነው። የአባዬ ቁጥር። አባዬ ደግሞ በዚህ ሰዓት ደውለው አያውቁም። አነሳችው፣ ገና «አባዬ» ሳትል ድምፅ ቀደማት።

«ሥርጌ? ሄሎ! ይህ ነገር ይሰማል ወይ፣ ጥዑሜ? ሥርጌ!»

«እምዬ።»

«ምነው ድምፅሽ ቀጠነ? አትበዪም እንዴ?»

«እበላለሁ።» ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ከሰልፉ ወጣች፤ የዳቦው መደርደሪያ ላይ ተደገፈች። «አንቺስ? ጠፋሽ እኮ።»

«ምን እባክሽ፣ ይቺ ጉልበቴ አሠቃየችኝና ጠበል ገብቼ ነው።»

«ጉልበትሽ።»

«አዎ፣ ጉልበቴ። አሁን ሐኪሞቹ ኪኒን ሰጥተውኛል፣ በቀን አንድ። ቀጭን፣ መቼም ምላሷ የማያርፍ ልጅ፣ በዚያ ማዕበል በጀልባ መጥታ ጎትታ አወጣችኝ። እናትሽን ውሃ ላይ ልትገድላት ነበር።»

ከእምዬ ጀርባ የአባዬ ሳል ተሰማ። ሥርጉት ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ታውቃለች፤ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ከሁለቱም ላይ ሸክሙ በወረደ፤ ወይም በወደቀ። እምዬ ተንፍሳ ትጠብቃለች። እሷም ትፈራለች፤ ትንፋሿ ያስታውቃል፤ ያኔ በነጠላው ውስጥ ሆና እንደምትተነፍሰው ነው።

«እምዬ፣ ያንን ኪኒን አንድም ቀን ሳታቋርጪ ዋጪ፣ እሺ? የቀረውንም ሐኪሞቹ አድርጊ የሚሉሽን ሁሉ አድርጊ። ቢላ ቢሉሽም።»

«ያንቺ ትምህርት ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው?»

«አንብቤአለሁ።»

«እስከ መቼ ነው የሚዋጠው?»

«ብዙ ዓመት።»

«ለጉልበት?»

«ለጉልበት።»

ሥርጉት መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ እየቆጠረ ነው።

«እሺ» አለች እምዬ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባዬ እንዳይሰሙ። «አንቺ ካልሽ እውጠዋለሁ። ብቻ ሥርጌ...»

«አቤት።»

«ጉልበቴን ለሰው እንዳታወሪብኝ። ለሀዲስም። አደራ።»

«አላወራም፣ እምዬ» አለች። «ለማንም።»